የዶሮ ላባ ለምን ይነጣል? ቀለም ሠሪ ሕዋሳት መንገድ ሲስቱ፣ ሲያልቁና ሲሞቱ

የአንድ ቀን ጫጩት በካርቶን ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ይህችን ዘዴ አያጣትም። ቦቫንስ ብራውን ወይም ሎህማን ብራውን ከሆነ ቡኒዋ ሴት ናት፤ ነጣ ያለው ወንድ ነው። ለእንቁላል ብሎ የከፈለ ሰው ካርቶኑን ሲከፍት ነጣ ያሉት ከበዙበት ስልክ ይደወላል፣ ጭቅጭቅ ይጀመራል።

እስኪ እነዚያኑ ቡኒ ዶሮዎች አሳድጉና ከሰፈር አውራ ዶሮ ጋር አዳቅሏቸው። በሚፈለፈሉት ጫጩቶች ላይ ዘዴዋ አትሠራም። ነጣ ያለው እንቁላል ጣይ ሆኖ ያርፈዋል፣ ቡኒው ጎህ ሲቀድ መጮህ ይጀምራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው "ዘሩ ተበላሸ" ይላል። ምንም የተበላሸ ነገር የለም። ዘዴዋ የምትሠራው አንድ የተወሰነ ጂን ከተወሰነ አባትና እናት ሲመጣ ብቻ ነው።

ነገሩ ከጫጩት ካርቶን ይሰፋል። የዶሮ ነጭነት አንድ ዓይነት አይደለም። ሁለት ነጫጭ ዶሮዎች ጎን ለጎን ቆመው ልዩነታቸው ላይታያችሁ ይችላል። አንዷ ግን ቀለም የሚሠሩት ሕዋሳት በሕይወት እያሉ ሥራ የፈቱባት ናት። ሌላዋ ሕዋሳቱ ገና ሥራ ሲጀምሩ የሞቱባት ናት። ሦስተኛ ብትጨመር ደግሞ የገዛ ሰውነቷ የገደለባት ልትሆን ትችላለች። ይህን መለየት ጫጩት በጾታ ለመለየት ይጠቅማል። ለማዳቀል ይጠቅማል። በሰው ቆዳ ላይ የሚወጣውን ለምጽ ለመረዳትም ጠቅሟል።

ከጀርባ የሚነሳው ጉዞ

ቀለም የሚሠሩት ሕዋሳት ሜላኖሳይት ይባላሉ። የሚኖሩት ቆዳና ላባ ሥር ቢሆንም የተወለዱት እዚያ አይደለም። እንቁላል ውስጥ ያለው ሽል ገና የጥቂት ቀን ዕድሜ እያለው፣ ኋላ ሕብለ ሰረሰር በሚሆነው መስመር ላይ፣ በጀርባ በኩል አንድ የሕዋሳት ስብስብ ይነሳል። ሳይንቲስቶች ኒውራል ክረስት ይሉታል። ከዚህ ስብስብ ነርቭ ይወጣል፣ የፊት አጥንት ይወጣል፣ ቀለም ሠሪም ይወጣል።

ቀድመው የሚነሱት ወደ ሆድ አቅጣጫ ዘልቀው የነርቭ ሕዋስ ይሆናሉ። ቀለም ሠሪ የሚሆኑት አንድ ቀን ያህል ይዘገያሉ። ከዚያ ልክ ከቆዳ ሥር ባለው መንገድ ወደ ጎን ይሰራጫሉ። እየሄዱ ይባዛሉ። ክንፍ ድረስ፣ ደረት ድረስ፣ እግር ድረስ መሄድ አለባቸው። ላምና ፈረስ ላይ ነጭ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ግንባር፣ ሆድና የእግር ጫፍ ላይ የሚታየው በዚሁ ጉዞ ምክንያት ነው። ቦቃ በሬ ያየ ሰው ሕዋሳቱ ያልደረሱበትን የመጨረሻ ፌርማታ አይቷል ማለት ይቻላል።

ከደረሱት መካከል ጥቂቶቹ ሥራ ሳይጀምሩ ላባው የሚበቅልበት ጎድጓዳ ሥር ውስጥ በተጠባባቂነት ይቀመጣሉ። እነዚህ ግንድ ሕዋሳት ናቸው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 "ሳይንስ" መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በላባው ሥር ዙሪያ ቀለበት ሠርተው እንደሚቀመጡ አሳይቷል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።) ዶሮዋ አሮጌ ላባዋን አራግፋ አዲስ ስታበቅል ከዚህ ቀለበት አዳዲስ ሠራተኞች ይነሳሉ። ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ቀለም ይሠራሉ፣ የሠሩትን ፍሬ ላባ ለሚሆኑት ሕዋሳት ያስረክባሉ፣ ከዚያ ይሞታሉ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። የቀለም ሕዋስ መሞት በራሱ ጤናማ ነገር ነው። ጥያቄው መቼ ሞተ የሚለው ነው። ካስረከበ በኋላ ከሆነ ላባው ቀለም አለው፤ ሳያስረክብ ከሆነ ነጭ ነው።

ሌላም የሚያዝ ነገር አለ። ላባ የሚያድገው ከሥሩ ነው። ጫፉ መጀመሪያ የተሠራው ነው፣ ሥሩ አካባቢ ያለው የቅርብ ጊዜው ነው። ስለዚህ አንድን ላባ ከጫፍ እስከ ሥር ስታዩት ሕዋሳቱ በየቀኑ ምን ሲሠሩ እንደከረሙ ይነግራችኋል።

የቀለም ዓይነት ሁለት ብቻ ነው። ጥቁርና ቡናማውን የሚሰጠው ኢዩሜላኒን፣ ቀይና ወርቃማውን የሚሰጠው ፌኦሜላኒን ይባላል። የትኛው ይሠራ የሚለውን በብዛት የሚወስነው በሕዋሱ ላይ ያለ ኤምሲ1አር የተባለ መቀበያ ነው። ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ እንዲቀር የሚያደርግ ለውጥ ያላት ዶሮ ድፍን ጥቁር ትሆናለች። የጥቁር አውራ ዶሮ ጅራት ላይ የምታዩት አረንጓዴ አብረቅራቂነት ግን አረንጓዴ ቀለም የለውም። የጥቁሩ ቀለም ቅንጣቶች ላባው ውስጥ በሥርዓት ስለተደረደሩ ብርሃኑ የሚያደርገው ጨዋታ ነው።

ጉዞው መንገድ ሲስትም ይታያል። ሲልኪ የሚባለው የእስያ ዶሮ ላባው ብዙ ጊዜ ነጭ ነው፤ ቆዳው፣ አጥንቱና የውስጥ ሽፋኖቹ ግን ጥቁር ናቸው። ኢዲኤን3 የተባለው ጂን የሚገኝበት ክፍል ስለተባዛ፣ ቀለም ሠሪዎቹ ከመጠን በላይ በዝተው ሊሄዱበት በማይገባው የሆድ መንገድም ይገባሉ። የኢንዶኔዢያው አያም ሴማኒ ዶሮ ላባው ጭምር ጥቁር የሆነበት ዘመዱ ነው። ነጩ ሲልኪ እንግዲህ ሆዱ ውስጥ ቀለም ሠሪ ሞልቶለት ላባው ነጭ ነው። ይህን እንዴት ቻለ ለሚለው መልሱ ቀጥሎ ይመጣል።

የሌግሆርን ነጭነት

ነጭ ሌግሆርን ኢትዮጵያ ከገባ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። "የፈረንጅ ዶሮ" ሲባል የብዙ ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው እሱ ነው። ነጭነቱ በዋናነት የሚመጣው ፒኤምኢኤል17 ከሚባል ጂን ነው። በስዊድን የኡፕሳላ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ቡድን ይህን በ2004 ሲያሳውቅ ያገኘው ለውጥ ኢምንት ነበር። ዲኤንኤው ላይ 9 ፊደል ተጨምሯል። ይህም ፕሮቲኑ ላይ ሦስት አሚኖ አሲድ ይጨምራል። ያ ብቻ።

የዚህ ፕሮቲን ሥራ ምንድን ነው? ሜላኖሳይቱ ውስጥ ቀለም የሚሠራባቸው ትንንሽ ከረጢቶች አሉ፤ ሜላኖዞም ይባላሉ። ሸማኔ መጀመሪያ ድሩን ወጥሮ ነው ማጉን የሚያስገባው። ፒኤምኢኤል17ም ከረጢቱ ውስጥ ቀጫጭን ክሮች ይወጥራል፤ ጥቁሩ ሜላኒን የሚጋገረው እነሱ ላይ ነው። ሜላኒን ሲሠራ በመሀል ለሕዋሱ መርዝ የሆኑ ውህዶች ይፈጠራሉ። ክሮቹ እነዚህን ይዘው ሳያስቀሩ አይቀርም ተብሎ ይታሰባል። የሌግሆርኑ ክር በአግባቡ አይወጠርም። ከረጢቱ ቅርጹ ይበላሻል።

የሌግሆርን ላባ ሥርን በማይክሮስኮፕ ያዩ ተመራማሪዎች ሜላኖሳይቶቹን አጥተዋቸው አያውቁም። ሕዋሳቱ ከኒውራል ክረስት ተነስተው፣ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዘው፣ ላባው ሥር ገብተዋል። ሥራም ጀምረዋል። ግን ያለ ዕድሜያቸው ይሞታሉ፤ ቀለሙን ለላባው ሳያስረክቡ። በ1994 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የሌግሆርንና የገብስማው ፕሊመዝ ሮክ ቀለም ሠሪዎች ከዱር ዶሮው ሲነጻጸሩ ራሳቸውን ከኦክሲጅን መርዛማ ውጤቶች የሚከላከሉባቸው አንቲኦክሲደንቶች እንደሚያንሷቸው አሳይቷል። መርዝ የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ጓንት የሌለው ሠራተኛ ዕድሜው ያው አጭር ነው።

ይህ ነጭነት ጥቁሩን እንጂ ቀዩን ቀለም እምብዛም አይነካም። የሌግሆርን አውራ ዶሮ ከቀይ የአገር ቤት ዶሮ ጋር ሲዳቀል ነጭ ሆነው ደረታቸውና ትከሻቸው ላይ ቀላ ያለ ነገር የሚታይባቸው ልጆች የሚመጡት ለዚህ ነው። ቀይ ቀለም ያን ያህል በክሮቹ ላይ ጥገኛ አይደለም። የባሰ የሚገርመው ደግሞ "ስሞኪ" የተባለው ዓይነት ነው። ነጭ ዶሮዎች መካከል ግራጫ ጫጩት ተገኘ። ሲመረመር 9ኙ ፊደል እንዳለ ነው፤ ግን ሌላ ቦታ ላይ 12 ፊደል ጎድሎበታል። አንዱ ስህተት የሌላውን ስህተት በከፊል አረመው።

አሁን ወደ ነጩ ሲልኪ። እሱ ላይ ያለው ድብቁ ነጭነት ነው። ታይሮሲኔዝ የሚባለው የቀለም ኢንዛይም ጂን ውስጥ፣ ድሮ አንድ ቫይረስ ጥሎት የሄደ የዲኤንኤ ቁራጭ ተሰክቷል። ላባው ሥር ያሉት ሕዋሳት አሉ፣ አልሞቱም። ኢንዛይሙ ስለጎደላቸው ግን ላባውን ማቅለም አልቻሉም። ዓይኑ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል፣ ቆዳውም እንዲሁ።

የሁለቱ ነጭነት ልዩነት ጓሮ ውስጥ ሲወርድ እንዲህ ይሆናል። የሌግሆርኑ ዓይነት ገዢ ነው፤ ከአንድ ወላጅ ከመጣ ይበቃል። የታይሮሲኔዙ ዓይነት ከሁለቱም ወላጅ ካልመጣ ተደብቆ ይኖራል። ጥቁር እናትና ጥቁር አባት ነጭ ጫጩት ሊፈለፍሉ ይችላሉ። በተቃራኒውም ይሆናል። አባት የገዢውን ጂን አንድ ቅጂ ብቻ ይዞ ነጭ ቢሆን፣ እናት ደግሞ በድብቁ ነጭ ብትሆን፣ ከጫጩቶቹ ግማሽ ያህሉ ባለቀለም ሊወጡ ይችላሉ። ሁለት ነጫጮች ጥቁር ወለዱ! የጎረቤት አውራ ዶሮ በከንቱ ይታማል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። በ2004 "ኔቸር" ላይ የወጣ ጥናት የዱር ዶሮና የሌግሆርን ድቅሎችን ተመልክቶ ነበር። ዶሮዎች እርስ በርስ ላባ ሲነቃቀሉ ይበልጥ የሚጎዱት ባለቀለሞቹ ሆነው ተገኙ። ነጮቹን የሚያነጣው ያው የፒኤምኢኤል17 ለውጥ ከመነቀል አተረፋቸው። ቅይጥ ቀለም ያላቸውን ዶሮዎች አጨናንቆ የሚያረባ ሰው ቢያስብበት ጥሩ ነው።

ገብስማው ላባ

ፖቸፍስትሩም ኮይኮክ የደቡብ አፍሪካ ዶሮ ነው። በ1950ዎቹ ከጥቁር ኦስትራሎርፕ፣ ከነጭ ሌግሆርንና ከገብስማ ፕሊመዝ ሮክ ተዳቅሎ የተገኘ ነው። በኛ አገር በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል በኩል ተባዝቶ ወደ ገበሬው ሄዷል። ጥቁርና ነጭ ሸንተረር ነው፤ ሰው ገብስማ ይለዋል።

አንድ የኮይኮክ ላባ ከመሬት አንሱና ከጫፉ ጀምራችሁ እዩት። ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ እያለ ወደ ሥሩ ይወርዳል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ድንበሩ በማስመሪያ የተሰመረ አይመስልም፤ ጠርዙ ላይ ቀለሙ ግራጫ እየሆነ ይሳሳል። ላባው በጊዜ ቅደም ተከተል የተሠራ መሆኑን አስታውሱ። ጥቁሩ መስመር ሲሠራ ሥሩ ላይ ሜላኖሳይቶች በሥራ ላይ ነበሩ። ግራጫው ላይ ቁጥራቸው እየተመናመነ ነበር። ነጩ ሲሠራ አልነበሩም። ከዚያ ከቀለበቱ አዲስ ምድብ ተነሳና ጥቁሩ እንደገና ጀመረ። በአንድ ላባ ላይ ሕዋሳቱ ደጋግመው አልቀዋል፣ ደጋግመው ተተክተዋል።

የሚያስጨርሳቸው ጂን ሲዲኬኤን2ኤ ይባላል። በ2010 ነው የታወቀው። ይህን ጂን የካንሰር ሐኪሞች በደንብ ያውቁታል። በሰው ላይ ሲበላሽ ሜላኖማ ለሚባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰር ያጋልጣል። ምክንያቱም ሥራው ሕዋስ ያለገደብ እንዳይባዛ መያዝ ነው። አርፍ የተባለ ፕሮቲን ያወጣል፤ አርፍ ደግሞ ፒ53 የተባለውን ሌላ ፕሮቲን ያበረታል፤ ፒ53 የበረታበት ሕዋስ መባዛት ያቆማል ወይም ይሞታል። ገብስማ ዶሮ ላይ የሆነው የካንሰሩ ተቃራኒ ነው። ፍሬኑ ከልክ በላይ ይይዛል። ወጣቶቹ ሕዋሳት በቂ ሳይባዙ ቶሎ ይጎለምሳሉ፣ ተተኪ ሳያፈሩ ያልቃሉ።

የቀድሞዎቹ ጥናቶች የሕዋሳቱን ያለጊዜ መሞት ነበር የሚያጎሉት። የጂኑ ጥናት፣ በተለይ የ2017ቱ፣ ያለጊዜ መጎልመስ ላይ ያተኩራል። እኔ ሁለተኛው ያሳምነኛል። ሞት ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደ ሌግሆርን ላባው በሙሉ ነጭ ይሆን ነበር። ጥቁርና ነጩ የሚፈራረቀው ሠራተኞቹ በምድብ ስለሚመጡና በምድብ ስለሚያልቁ ነው።

አሁን ለገበሬ ወደሚጠቅመው እንምጣ። ይህ ጂን ያለው ዜድ በሚባለው የጾታ ክሮሞዞም ላይ ነው። አውራ ዶሮ ሁለት ዜድ አለው። ሴቷ አንድ ዜድና አንድ ደብልዩ አላት። በሰው የልጁን ጾታ የሚወስነው የአባት ዘር ነው፤ በዶሮ የእናት ነው። (ሴት ብቻ ወለድሽ ተብላ የተወቀሰች ሴት ሁሉ ዶሮ ብትሆን ኖሮ ወቀሳው ቢያንስ ቦታውን ያገኝ ነበር።) ስለዚህ ንጹህ ኮይኮክ አውራ ዶሮ ሁለት ቅጂ ይዟል፤ ፍሬኑ እጥፍ ነው፤ ነጩ መስመር ይሰፋል። አውራው ከሴቷ ነጣ ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው። የአንድ ቀን ጫጩት ላይም ይታያል። ጥቁር ጫጩት ሆኖ አናቱ ላይ ሰፋ ያለ፣ ቅርጹ ያልተስተካከለ ነጭ ነጥብ ያለው ወንድ ነው። ሴቷ ላይ ነጥቡ ትንሽና የተሰበሰበ ነው።

ከዚህም የሚሻል አለ። ኮይኮክ ሴት ዶሮዎችን ሸንተረር ከሌለው ጥቁር አውራ ዶሮ ጋር ብታዳቅሉ፣ ሴት ልጆች ዜዳቸውን የሚወስዱት ከአባታቸው ብቻ ስለሆነ ጂኑ አይደርሳቸውም። ወንዶቹ በሙሉ ይደርሳቸዋል። በተፈለፈሉበት ቀን አናቱ ላይ ነጭ ነጥብ ያለው ወንድ፣ የሌለው ሴት። ቀላል ነው። ግን አቅጣጫውን እንዳትገለብጡት። አባቱ ኮይኮክ፣ እናቶቹ የአገር ቤት ከሆኑ ወንዱም ሴቷም አንድ አንድ ቅጂ ይወስዳሉ፤ ሁሉም ነጥብ አላቸው፤ መለየት የለም። አውራው ዶሮ ቡናማና ዥንጉርጉር ከሆነም ጫጩቱ ላይ ነጥቧ በደንብ አትታይም። በ2022 የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ በየሰፈሩ ዶሮ የሚያረባው ሰው በዝቷል። ይህችን አንድ ነገር ማወቅ እንቁላል ለማይጥል ወንድ የሚወጣውን ብዙ መኖ ታድናለች።

ቡኒና ነጩ ጫጩት፣ እስከ ጀርመን

የቦቫንስ ብራውን ዘዴ ግን ሌላ ጂን ነው፤ ብርና ወርቅ የሚባለው፣ እሱም ዜድ ላይ ያለ። እዚህ የሚሞት ሕዋስ የለም። ኤስኤልሲ45ኤ2 የተባለው ጂን የብር ዓይነት ሲሆን ቀይ ቀለም እንዳይሠራ ያግዳል። አባቱ ወርቅ፣ እናቲቱ ብር እንዲሆኑ ተደርጎ ይዳቀላል። ሴቶቹ ከአባታቸው ወርቅ ይወርሳሉ፣ ቡኒ ይሆናሉ። ወንዶቹ ከእናታቸው ብር ይደርሳቸዋል፣ ነጣ ይላሉ። በቀጣዩ ትውልድ ግን ቡኒዋ ዶሮ ራሷ እናት ስትሆን ብር የላትም። የምታካፍለው ነገር ስለሌለ ዘዴዋ እዚያው ትቆማለች።

ይህች የቀለም ልዩነት አውሮፓ ውስጥ የፖለቲካ ጉዳይ ሆናለች። የእንቁላል ዝርያ ወንድ ጫጩት እንቁላል አይጥል፣ ለሥጋም ቶሎ አይደርስ፤ በተፈለፈለበት ቀን ይገደል ነበር። ጀርመን ይህን ከጥር 2022 ጀምሮ ከለከለች። ስለዚህ ጾታውን ከመፈልፈሉ በፊት ማወቅ አስፈለገ። ከመፍትሔዎቹ አንዱ እንቁላሉን በብርሃን አሳልፎ በ13ኛው ቀን ገደማ የሽሉን ላባ ቀለም በካሜራ ማንበብ ነው። ቅርፊቱ አይሰበርም። ግን ቡኒ ዝርያ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። ነጭ ሌግሆርን ላይ ወንዱም ሴቱም ቀለም ሠሪው ስለሞተበት ካሜራው የሚያነበው ነገር አያገኝም።

የገዛ ሰውነት ሲገድል

እስካሁን ያየናቸው ሕዋሳት ከራሳቸው ጉድለት የተነሳ የሞቱ፣ ያለቁ ወይም ሥራ የፈቱ ናቸው። የስሚዝ ዶሮ ታሪክ ከዚህ ይለያል።

በ1971 አሜሪካ ውስጥ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አንዲት ሴት ጫጩት ተፈለፈለች። ወላጆቿ ቡኒ ነበሩ። እሷም ባለቀለም ሆና ተወልዳ እያደገች ስትሄድ ላባዋ እየነጣ መጣ። ጄ. ሮበርት ስሚዝ የተባሉት የዶሮ ዘረመል ሊቅ ልጆቿን እየመረጡ አራቡ። ዛሬ የስሚዝ መስመር የሚባሉት ዶሮዎች ሲፈለፈሉ ባለቀለም ናቸው። ከ6 እስከ 14 ሳምንት ባለው ጊዜ አዲስ የሚወጣው ላባ ነጭ ይሆናል። ከ10 ዶሮ 8ቱ ወይም 9ኙ ላይ ይህ ይደርሳል።

የሚገድላቸው የበሽታ መከላከያ ሥርዓታቸው ነው። ነጭ የደም ሴሎች፣ በተለይ ሲዲ8 የሚባሉት ገዳይ ቲ ሴሎች፣ ላባው ሥር ገብተው ሜላኖሳይቶቹን አንድ በአንድ ይጨርሷቸዋል። ከወላጅ መስመሩ፣ ከቡኒዎቹ፣ ይህ የሚታየው ከ100 ሁለት በማይሞሉት ላይ ነው። በስሚዝ ዶሮዎች መካከል የታይሮይድ ችግር ያለባቸው፣ ላባቸው የሚረግፍ፣ ዓይናቸው የሚጠፋም አሉ። ለምጽ ያለበትን ሰው የሚያክም ሐኪም ይህን ዝርዝር ሲሰማ ይነቃል። ለምጽ ያለበት ሰው ላይም የታይሮይድ በሽታ ከሌላው ሰው ይልቅ ይበዛል። በሁለቱም ላይ የሚጠቃው ያው ሕዋስ ነው፣ አጥቂውም ያው የቲ ሴል ዓይነት ነው።

ላባ ለተመራማሪ ትልቅ ስጦታ የሆነውም እዚህ ላይ ነው። ከሰው ቆዳ ላይ በየሳምንቱ ናሙና ቆርጦ መውሰድ አይቻልም። በማደግ ላይ ያለ የዶሮ ላባ ግን ውስጡ ለስላሳና ደም ያለው ነው፤ ሜላኖሳይቶቹም እዚያው አሉ። አንድ ላባ ይነቀላል፣ ይታያል። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ። የዚያችኑ ዶሮ በሽታ ከመጀመሩ በፊት፣ ሲጀምርና ሲብስ መከታተል ይቻላል። በአርካንሶ ዩኒቨርሲቲ ጂሴላ ኤርፍ ለዓመታት የሠሩት በዚህ መንገድ ነው።

እዚያው አርካንሶ ያልተጠበቀ ነገር ታየ። ዶሮዎቹ ወደዚያ ሲወሰዱ የማሬክ በሽታ ክትባት ሳይሰጣቸው ቀረ፤ የነጩ ቁጥር አሽቆለቆለ። ክትባቱ በተፈለፈሉበት ቀን እንደገና ሲሰጥ ቁጥሩ ተመለሰ። ክትባቱ ከተርኪ የተገኘ ሄርፒስ ቫይረስ ሲሆን ላባ ሥር መኖር ይወዳል። ከዚህ ተነስቶ "ክትባት ዶሮ ያነጣል" የሚል ሰው እንዳይመጣ ነው የምፈራው። ያው ክትባት ለወላጆቹ መስመርና ለዓለም ሁሉ ዶሮ ሲሰጥ ላባ አያነጣም። ዘሩ የተዘጋጀ ካልሆነ ክብሪቱ ብቻውን አያቃጥልም። ማሬክ ደግሞ ዶሮ ሽባ የሚያደርግ፣ የሚገድል በሽታ ነው።

ትምህርቱ ለሰውም ይሠራል። አንድ ሰው ለምጽ እንዲወጣበት ዘሩ ብቻ አይበቃም፤ የሚጭረው ነገር ያስፈልጋል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ከሥጋ ደዌም ጋር ዝምድና የለውም። አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያለው "ለምጽ" ብዙ ሰው ሁለቱን እንዲያምታታ አድርጓል፤ በዚህ የተነሳ የተገለለ፣ ትዳር የቀረበት ሰው ጥቂት አይደለም። በ2022 አሜሪካ ሩክሶሊቲኒብ የተባለ ቅባት ለለምጽ ፈቅዳለች። ቅባቱ የሚሠራው ቲ ሴሎቹን ወደ ሜላኖሳይቱ የሚጠራውን መልእክት በመዝጋት ነው። ጥቃቱ ሲቆም ፊት ላይ ያለው ቀለም ከሌላው ቦታ የተሻለ ይመለሳል። ፊት ላይ ያሉት የጸጉር ሥሮች ብዙ ተጠባባቂ ሕዋሳት ስላሏቸው ነው። ጸጉር የሌለበት ጣት ጫፍ ላይ ግን ተተኪ የሚልክ የለም።

ቀለም አይቶ መግዛት

በዓል ሲደርስ ቀይ አውራ ዶሮ ይፈለጋል። ጥቁሩ ዋጋው ይቀንሳል፤ ገብስማውን ደግሞ ለዛር ብሎ የሚፈልግ አይጠፋም። ገበያው የራሱ ምክንያት አለው፣ አልከራከርም። የማልስማማው ቀለምን እንደ ዘር ማስረጃ አድርጎ መሸጡ ላይ ነው። "ነጭ ስለሆነች የሌግሆርን ዘር ናት፣ እንቁላሏ ብዙ ነው" ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ የሚያወራው ስለ 9 የዲኤንኤ ፊደል ብቻ ነው። ወይም ስለ ታይሮሲኔዝ። ወይም ከጅምሩ ነጭ ስለሆነች የአገር ቤት ዶሮ። እንቁላሉን የሚወስኑት ብዙ ጂኖች ሌላ ቦታ ናቸው። የእናቲቱን የእንቁላል መዝገብ ጠይቁ፤ ከሌለው ዋጋውን አውርዱ።

ባለቀለም ዶሮ ኖሯችሁ ድንገት ነጭ ላባ ብታወጣስ? መጀመሪያ ስንት ላባ እንደሆነና የት ቦታ እንደሆነ እዩ። አንድ ሁለት ላባ ከሆነና ቦታው የተነከሰ ወይም የቆሰለ ከሆነ፣ እዚያ ሥር ያሉት ሕዋሳት ተጎድተው ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ዶሮዎች ላይ ከታየ መኖውን ጠርጥሩ። ታይሮሲኔዝ ያለ መዳብ አይሠራም፤ ብረትና ፎሊክ አሲድ ሲጎድልም ቀለም ይደበዝዛል፤ ብሮንዝ የሚባለው የተርኪ ዝርያ ላይሲን ሲያጥረው ክንፉ ላይ ነጭ ያወጣል። በመኖው ምክንያት ከሆነ ሕዋሱ አልሞተም፤ መኖው ሲስተካከል ቀጥሎ የሚሠራው የላባ ክፍል ቀለም ይዞ ይወጣል፣ ነጩ እላይ ጫፉ ላይ ይቀራል። አንዷ ዶሮ ብቻ ከሆነችና ነጩ ከላባ ወደ ላባ እየሰፋ ከሄደ ነገሩ ወደ ስሚዝ ዶሮ ይቀርባል፤ ዓይኗንም አብራችሁ ተከታተሉ። ለማጣራት ብላችሁ ላባዋን አትንቀሉ፣ ያማታል። ላባ እስክትቀይር ጠብቁና ከዚያው ቦታ የወጣውን አዲሱን እዩ። ባለቀለም ሆኖ ከመጣ ቀለበቱ ውስጥ ያሉት ተጠባባቂዎች ደህና ናቸው።